ቁራኛ፦ ሱስ ከዕዳ ጋር የተጋራው ታሪክ

በመተማና በገዳሪፍ መካከል እየተመላለስን ለምንነግድ ሰዎች ሱስ የማይባል ነገር የለም። ቡና ሱስ ነው፣ ስልክ ሱስ ነው፣ ኳስ ሱስ ነው፣ ገበያ መዞርም ሱስ ነው። የምንወደውን ሰው ሳይቀር «ሱሴ» እንላለን። በሱዳን ወገን ያሉ ደንበኞቻችንም ያው ናቸው። ሻይ የዘገየበት «አና ኸርማን» ብሎ ይነጫነጫል፣ ሰዑጥ ያለቀበትም ኸርማን ነው፣ የጀበናው ሽታ ሲመጣ ደግሞ ስለ ከይፉ ያወራል። እኛ ሐራራ የምንለውን እነሱ ኸርማን ይሉታል፤ ሐራራ ብንላቸው ሙቀት ይመስላቸዋል፣ በዐረብኛ ትርጉሙ እሱ ነውና። እንዲህ መቀለዱ ክፋት የለውም። ግን ቃሉ በሰፋ ቁጥር በእውነት የተያዘ ሰው ሲገጥመን የምንጠራበት ስም እናጣለን። «ሱስ ይዞታል» ብንል ጎረቤት የሚሰማው «ቡና ይወዳል» ያልን ያህል ነው።

የተያዘ ሰው ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመስመሩ ላይ በዝቷል። አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አያጨስም። ስልኩን እየነካካ የሰሊጥ ገንዘብ ያጠፋል። ሽማግሌዎቻችን «ያለ መጠጥና ያለ ጫት ምን ሱስ አለ? ይሄ ስድነት ነው» ይላሉ። የገዳሪፍ ነጋዴዎች «ሐራም ነው» ብለው ነገሩን እዚያው ይዘጉታል። ከሐኪም የደረሰ ካለ «በሽታ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ስድነት፣ ኃጢአት፣ በሽታ፤ ሦስቱም መልሶች የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ከሦስቱም የሚቀድም፣ ለእኛም ይበልጥ የሚቀርብ አንድ ሌላ መልስ ያለ ይመስለኛል፤ እሱም የዕዳ መልስ ነው። በቁጥሮቹ እንዳትደናገሩ፦ «ዓ.ም.» ያልኩበት የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሌላው የአውሮፓ።

«የሱስ ቁራኛ ሆነ» እንላለን፤ «የአልጋ ቁራኛ» ም እንላለን። ቁራኛ አነጋገር ከመሆኑ በፊት የዳኝነት ሥርዓት ነበር። በድሮው የኢትዮጵያ ሙግት ተበዳሪ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተውና ዋስ ሲያጣ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ይታሰር ነበር፤ የአንዱ እጅ በአንደኛው ጫፍ፣ የሌላው እጅ በሌላኛው። ነገሩ ቀላል ለሆነባቸው ተሟጋቾች ደግሞ የነጠላቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ አብረው ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። አገሩ በየወረዳው ወህኒ ቤት አልነበረውም፣ ለዘበኛ የሚከፍለው ደመወዝም አልነበረውም። ገንዘቡ ከቀረበት ሰው የተሻለ ዘበኛ ደግሞ ከየት ይመጣል? በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ የታሰሩ ሰዎችን ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሟል፣ በመካከላቸው ሰንሰለት አለ፤ አበዳሪው የትኛው፣ ተበዳሪው የትኛው እንደሆነ ከመልካቸው ለማወቅ ያስቸግራል።

ነጋዴ የሆነ ሰው ይቺን ነገር ቶሎ አይለፋት። አበዳሪውም ታስሯል። ተበዳሪው ሲተኛ ይተኛል፣ ሲሄድ ይሄዳል፣ ገበያ ሊወጣ ቢፈልግ ሰውየውን እየጎተተ ነው የሚወጣው። ገንዘቤን ካላገኘሁ አልለቅህም ያለ ሰው ራሱም አይለቀቅም። በሱዳን ሱቆች በዱቤ መውሰድ «ጀሩራ» ይባላል፤ የቃሉ ሥር መጎተት ማለት ነው። ማን ማንን እንደሚጎትት ቃሉ አይናገርም። «ቀረነ» የሚለው ዐረብኛም ሁለትን ነገር አጣምሮ ማሰር ነው፤ ከቁራኛችን ጋር ድምፁም ትርጉሙም ይቀራረባል።

አሁን ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ፣ ምክንያቱም የዓለም ሐኪሞች ለሱስ የሚጠቀሙበት «አዲክሽን» የተባለው ቃልም የመጣው ከዚሁ ከዕዳ ነው። የጥንት ሮማውያን «አዲክተስ» የሚሉት በዳኛ ቃል ለአበዳሪው ተላልፎ የተሰጠ ባለዕዳ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ በ12 ሰሌዳ በተጻፈው ሕጋቸው ነገሩ በደረጃ ይሄዳል። ዕዳውን ያመነ ሰው 30 ቀን ይሰጠዋል። ካልከፈለ ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ የሚዋሰው ከጠፋ አበዳሪው አስሮ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። እዚያ 60 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በተከታታይ ሦስት የገበያ ቀን አደባባይ ይወጣና ያለበት ዕዳ ስንት እንደሆነ ጮክ ተብሎ ይጠራል፤ ምናልባት ዘመድ ወይም ወዳጅ ሰምቶ ይከፍልለት እንደሆነ ነው። ማንም ካልከፈለ መጨረሻው ሞት ወይም ከቲቤር ወንዝ ማዶ በባርነት መሸጥ ነው። ሦስት የገበያ ቀን! ዓርብ መጥቶ ሳይከፍል፣ በሚቀጥለውም ዓርብ እንዲሁ፣ ስሙ በገበያ ሲነሣ የሰማ ነጋዴ ይሄ ሕግ ምን እንዳሰበ ይገባዋል። በኋላ፣ በ326 ገደማ፣ ሰውን በዕዳ ማሰር በሌላ ሕግ ተገታ።

ቃሉ ግን ከሕጉ ተርፎ ኖረ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች «ራሱን ለአንድ ነገር የሰጠ» ለማለት ይጠቀሙበት ነበር፤ ለትምህርት ለተሰጠ ሰውም፣ ለጸሎት ለተሰጠ ሰውም፣ ለመጥፎ ነገር ለተሰጠም። ከመድኃኒትና ከበሽታ ጋር የተጣበቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ፣ ሞርፊንና ኦፒየም ሰዎችን ሲይዙ ነው። እንግዲህ ሳይተዋወቁ ሁለት አገሮች በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ የተያዘ ሰው ማለት የነገ እጁ ዛሬ ለሌላ የተሰጠበት ሰው ነው። በዐረብኛ ኢድማን የሚባለው ግን ሌላ መንገድ ይዟል። እሱ ሳያቋርጡ አንድን ነገር ሙጥኝ ማለት ነው፤ መልመድን እንጂ መታሰርን አያሳይም።

ስድነት ነው፣ ኃጢአት ነው የሚለው መልስ ደግሞ እዚሁ ደጃችን ላይ ታሪክ አለው። መተማ ዮሐንስ የተባለችው ከተማ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር ሲዋጉ እዚህ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። እኚህ ንጉሥ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው ነበር። በዘመናቸው አገሩን ያዩ የውጭ ተጓዦች ሲጽፉ፣ ሲያጨስ የተገኘ ከንፈሩ፣ በአፍንጫው የሚስብ አፍንጫው ይቆረጥ እንደነበር ይናገራሉ። በዚያው ዘመን ቡናም በብዙ ካህናት ዘንድ የእስላም መጠጥ ተብሎ ይጠላ ነበር፤ ምኒልክ ራሳቸው በመጠጣታቸውና አቡነ ማቴዎስ ጥላቻውን በማብረዳቸው ነው በክርስቲያኑ ቤት የተስፋፋው። ዛሬ በመተማ ገበያ ሁለቱንም በአንድ ሱቅ ትገዛላችሁ። ሰዑጡም ከገላባት ይሻገራል። የተቆረጠው አፍንጫ ትምባሆን አላስቀረም፣ የተጠላው ቡናም ማኅበራችንን አላፈረሰም። አንድን ዕቃ መከልከልና ሰው ለምን እንደሚያዝ ማወቅ ሁለት የተለያየ ሥራ ነው።

ወደ ቁማር እንምጣ። ቁማር የሚለው አማርኛችን ከዐረብኛው ቂማር ጋር አንድ ነው፤ በንግድ መንገድ የመጣ ቃል ሳይሆን አይቀርም። ቁርኣን ቁማርን ከመጠጥ ጋር በአንድነት ጠርቶ ይከለክለዋል፤ «መይሲር» ይለዋል። መይሲር ከእስልምና በፊት ዐረቦች ይጫወቱት የነበረ የዕጣ ጨዋታ ነው። ግመል በዱቤ ይገዛና ይታረዳል፣ ሥጋው ይከፋፈላል፣ ጫፍ የሌላቸው ቀስቶች ከከረጢት እየወጡ ማን ስንት መደብ እንደሚያገኝ ይወስናሉ፣ የተሸነፉት የግመሉን ዋጋ ይከፍላሉ። በድርቅ ወራት ያሸነፈው ሥጋውን ለድሆች ይሰጥ ነበር ይባላል። ስለዚህ ቁርኣን ለሰዎች ጥቅምም እንዳለው ሳይክድ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ መናገሩ ለእኔ የሚገባኝ እንደ ትርፍና ኪሳራ ስሌት ነው። ሼኾቹ ይቅር ይበሉኝ፣ የተማርኩት ንግድ ነው።

ሕጉን ስናይ ድንበራችን ተገልብጦ የተሠራ ይመስላል። በሱዳን በኒሜሪ ዘመን «ቶቶ ኮራ» የሚባል የኳስ ውርርድ ነበር፤ በዕድሜ የገፉ የገዳሪፍ ሰዎች ያስታውሱታል። በመስከረም 1983 ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ አወጁ፣ በኻርቱም መጠጡ ዓባይ ውስጥ ተደፋ። በ1991 የወጣው የወንጀል ሕግም ቁማርን በወንጀልነት አስቀምጦታል። በኢትዮጵያ በኩል ግን ዕድልን የሚሸጠው መንግሥት ራሱ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ያልገዛ ማን አለ? ሎተሪ አዟሪው በየካፌው ሲዞር ኖሯል፣ ማንም ሱሰኛ አላለውም። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ገደማ ግን በፈቃድ የሚሠሩ የስፖርት ውርርድ ቤቶች ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየከተማው ተከፈቱ። ወጣቶቹ በአውሮፓ ኳስ መወራረድ ጀመሩ። ቀጥሎ ኳሱም ቀረና ስልክ ላይ አንዲት አውሮፕላን ስትወጣ ቁጥሩ አብሮ የሚወጣበት፣ ድንገት የሚፈነዳበት ጨዋታ መጣ።

አንዱ አገር ከልክሎ፣ አንዱ አገር ፈቅዶ፣ የተያዘው ልጅ ግን በገላባትም በመተማም አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ሕግ ስለ ጨዋታው እንጂ ስለ ልጁ የሚለው ነገር የለውም።

ወደ ሐኪሞቹ ከማለፌ በፊት ሴቶች የሚያውቁትን አንድ ነገር ልበል። ዛር ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ተሻግሮ በዚያ ትልቅ ሥርዓት ሆኗል። በሱዳን ዛር ውስጥ መናፍስቱ በወገን የተከፋፈሉ ናቸው፤ «ሐበሽ» የሚባል ወገን አለ፣ የሚጠይቀውም ጀበና ቡና ነው። ሌሎቹ ሽቶ ይጠይቃሉ፣ አዲስ ቶብ ይጠይቃሉ፣ ወርቅ ይጠይቃሉ። ባል ባይወድም ያመጣል፤ የጠየቀችው ሚስቱ አይደለችማ። በዚህ ውስጥ ብልሃት እንዳለ ለማየት አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን አንድ እውነት ይዟል፦ «እኔ አልፈልገውም፣ የሚፈልገው የያዘኝ ነው» የሚል ሰው አለ፤ ዛሬ ከአውሮፕላኗ ጨዋታ ጋር የታገሉ ልጆች የሚሉት ቃል በቃል ይሄንኑ ነው። ሱዳናዊው የአእምሮ ሐኪም አል-ቲጃኒ አል-ማሒ (1911–1970) ከአፍሪካ ቀደምት የሙያው ሰዎች አንዱ ነበሩ፤ በኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስማቸው ተሰይሟል። እሳቸው ዛርንና የሼኾችን ሕክምና እንደ ጅልነት አልናቁም፣ ቁጭ ብለው አጥንተዋል፣ ከባህል ሐኪሞች ጋርም ሠርተዋል። በ1964 ከጥቅምቱ አብዮት በኋላ ደግሞ በሱዳን የሉዓላዊነት ምክር ቤት አባል ሆነዋል። እንዲህ ዓይነት ሐኪም ብዙ ጊዜ አይገኝም።

የፈረንጆቹ ሐኪሞች ያለ ዕፅ የሚመጣን ሱስ ለመቀበል ረጅም ጊዜ ወስዶባቸዋል። ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፕሊን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሳይገዙ መዋል የማይችሉ ሰዎችን ገልጾ «ኦኒዮማኒያ» አለው፤ ኦኒዮስ በግሪክ ለሽያጭ የቀረበ ነገር ነው። ብዙ ሰው አልተከተለውም፤ ገዢ ሲበዛ ማን ይከፋዋል? ቁማርተኞቹ ራሳቸው ቀድመው ተሰባሰቡ፤ በ1957 በሎስ አንጀለስ እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር መሠረቱ። ሮበርት ከስተር የሚባል ሐኪም በ1972 በኦሃዮ በአንድ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል ቁማርተኞችን አስተኝቶ ማከም ጀመረ። በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ቁማርን በበሽታ መመሪያው ውስጥ አስገባው፤ ያኔ ግን ከሱስ ጋር ሳይሆን እሳት መለኮስና መስረቅ ከማይለቃቸው ሰዎች ጋር ነበር የመደበው።

ነገሩን ካዞሩት ምክንያቶች አንዱ ማንም ያላሰበው ነው። የፓርኪንሰን በሽተኞች እጃቸው እንዳይንቀጠቀጥ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚተካ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ከእነሱ መካከል ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁማር ነክተው የማያውቁ ሽማግሌዎች ድንገት ቁማርተኛ ሆኑ። መድኃኒቱ ሲቀነስላቸው ብዙዎቹ ተዉት። ይሄ «ባለጌ ስለሆነ ነው» ለሚለው ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። በ2013 ማኅበሩ ቁማርን ከመጠጥና ከዕፅ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀመጠው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 በጸደቀውና ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው 11ኛው የበሽታዎች ዝርዝር ቁማርንና የኤሌክትሮኒክ ጨዋታን ሱስ አድርጎ ጽፏል። ስልክ ማየት፣ ገበያ መዞር፣ ፊልም መከታተል እንደዚያ አልተመደቡም፤ ክርክሩ አላለቀም። ስለዚህ ልጅሽ ስልክ ስላበዛ ሱሰኛ ነው ብለሽ አትፍረጂ።

መለኪያቸው በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። አንደኛ፣ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚያቆም፣ ስንት እንደሚያወጣ መወሰን አቅቶታል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከሥራም፣ ከቤተሰብም፣ ከመብልም ቀድሟል። ሦስተኛ፣ ጉዳቱን እያየ ይቀጥላል፣ እንዲያውም ይብሳል። ይሄ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ከሆነ አይቆጠርም፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ያህል መቆየት አለበት። ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር የሚል የለበትም። ሃምሳ ብር የሚወራረድ የተያዘ ሊሆን ይችላል፣ ሺህ የሚወራረድ ያልተያዘ ሊሆን ይችላል። ሰሊጥ ገዝቶ ዋጋ ይወጣል ብሎ መጋዘን የሚያስገባ ነጋዴስ ቁማርተኛ አይደለም ወይ የሚሉኝ አሉ። ኪሳራ ሲመጣ ሸጦ ከወጣ አይደለም። የጠፋውን ለማስመለስ የሌላ ሰው ሰሊጥ ጨምሮ ካስገባ ግን፣ እንጃ።

ጨዋታው እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ ከእኛው እቁብ ጋር ማስተያየት ይበቃል። እቁብም ዕጣ አለው፤ በሱዳን ሴቶች ኸታ ወይም ሰንዱቅ የሚሉት ማለት ነው። ዕጣው ሲወጣ ልብ ይመታል፣ የወጣላት እልል ትላለች። ሃያ ሰው በየሳምንቱ ሺህ ብር ቢጥል ግን ሁሉም ተራው ደርሶ ሃያ ሺውን ይወስዳል፤ ዕጣው የሚወስነው መቼ እንደሆነ ብቻ ነው። የውርርድ ቤት ከእያንዳንዱ ዙር የራሱን ያስቀራል። ንግድ ስንማር የካፒታል መዞር የሚባል ነገር ነበር፤ ዐሥር ሺህ ብርሽ በወር አራት ጊዜ ከዞረ በአነስተኛ ትርፍም ትኖሪያለሽ። አሁን ይሄንኑ ገልብጡት። ቤቱ ከመቶ አምስት ብቻ ያስቀራል እንበል፤ አምስት ከመቶ ምን አላት? የልጁ ዐሥር ሺህ ብር በአውሮፕላኗ ጨዋታ በአንድ ቀን ሃያ ጊዜ ቢዞር የተወራረደው ሁለት መቶ ሺህ ነው፤ የሁለት መቶ ሺህ አምስት ከመቶ ዐሥር ሺህ ነው። ካፒታሉ አለቀ። እኛን የሚያኖረን መዞር እሱን የሚበላው እንዲህ ነው።

ለምን አያቆምም? አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1950ዎቹ ርግቦችን እያየ የደረሰበት መልስ አለ። ስትነካው ሁልጊዜ ጥሬ የሚሰጣት ሰሌዳ ርግቧን አያሰክራትም፤ ጥሬው ሲቀር ቶሎ ትተዋለች። አንዳንድ ጊዜ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ የሚሰጣት ሰሌዳ ግን ባዶ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ስትነካው ትውላለች። ስልኩ ያው ሰሌዳ ነው። የድሮ ካርታ ቁማር፣ በሱዳን ኮንካን የሚሉትም ቢሆን፣ ሌሊቱ ይነጋል፣ ኪስ ይራቆታል፣ ጓደኛ ይሰለቻል፣ ሚስት በር ታንኳኳለች። የሚያቆም ነገር ከውጭ ነበረው። ዛሬ ገንዘቡም ስልኩ ውስጥ ነው። በእኛ በኩል ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መጥቷል፤ በሱዳን በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ከጀመረ በኋላ ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ሕዝቡ በሙሉ ባንከክ ላይ ተንጠለጠለ። ይሄ ባይኖር ንግዳችን ቆሞ ነበር፣ አልወቅሰውም። ግን የዕቃ መግዣው፣ የቤት ወጪውና የውርርዱ ገንዘብ በአንድ ኪስ ተቀምጠዋል፣ የሚያያቸውም ሰው የለም።

ዶስቶየቭስኪ የሚባለውን የሩሲያ ደራሲ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ይሄ ሰው ቁማርተኛ ነበር። በ1865 በዕዳ ተይዞ ከአንድ አሳታሚ ጋር ውል ፈረመ፤ እስከ ኅዳር 1866 መጀመሪያ አዲስ መጽሐፍ ካላስረከበ አሳታሚው ለዘጠኝ ዓመት ሥራዎቹን ያለ ክፍያ እንዲያትም ነበር ውሉ። «ቁማርተኛው» የተባለውን መጽሐፍ በ26 ቀን ውስጥ ለጸሐፊ ልጅ እየነገረ አስጽፎ ውሉን አተረፈ፣ ልጅቷንም አገባት። ከዚያ በኋላ የእሷን ጌጥ እያስያዘ ሲጫወት ኖረ፤ ያቆመው በ1871 ነው። አእምሮ አልጎደለውም። ስለ ቁማር ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ ማወቁ ግን ቶሎ አላስፈታውም።

የአሜሪካኖቹ መመሪያ ለቁማር ሱስ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዝራል፤ በዓመት ውስጥ አራቱ ከተገኙ ይበቃል። ከመካከላቸው አንዱን ሳነብ ቆም አልኩ፤ የተጨነቀበትን ዕዳ ሌሎች እንዲከፍሉለት መመካት ይላል። ሐኪሞቹ ሳያውቁት ቁራኛን ጽፈውታል። የታመመውን ሲመረምሩ የሰንሰለቱን ሌላ ጫፍም ከምልክቱ ቆጥረውታል።

የማውቀውን አንድ ልጅ ልጥቀስ፤ ስሙንም የሚሠራበትንም አልጽፍም። በመተማ ከአንዲት ነጋዴ ጋር ይሠራ ነበር፣ ታማኝ ነበር፣ ዐረብኛም አቀላጥፎ ስለሚናገር የገዳሪፍ ደንበኞች ይወዱታል። በአንድ ዓመት ውስጥ የሸቀጥ ገንዘብ ሦስት ጊዜ ጎደለ። በመጀመሪያው አጎቱ ከፈለ። በሁለተኛው እናቱ ላም ሸጠች። በሦስተኛው የእቁብ ተራውን ሳይወጣለት በርካሽ ሸጦ ተገኘ፣ አሠሪው ጉድለቱን በዕዳ መዘገበችው። በተከፈለለት ቁጥር ስሙ ታደሰ፤ ስሙ ሲታደስ ዱቤ አገኘ። ሽማግሌ ስንቀመጥ አንዱ ይታሰር አለ፣ አንዱ ታቦት ፊት ይማል አለ፣ አንዱ ጠበል ወስደን እንሰረው አለ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ ስምል እኮ የምዋሽ አይመስለኝም» አለኝ፤ አመንኩት። እናትየው መጨረሻ ላይ ተናገሩ፦ «እሱን ፍቱልኝ አላልኩም። እኔን ፍቱኝ። ላም የለኝም ከእንግዲህ።»

የተወሰነው እንዲህ ነው። የቀረውን ዕዳ ማንም አይከፍልለትም፤ አሠሪው ከደመወዙ በወር 1,500 ብር እየቀነሰች ትመዘግባለች። የተረፈው ለእናቱ ይላካል። ገንዘብ የሚሰበስበው ሌላ ሰው ነው፣ እሱ ዕቃ ያስረክባል። ስማርት ስልኩ ተሸጦ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ተገዛለት። ዱቤ ለሚሰጡት ሦስት ሱቆች እንዳይሰጡት የነገራቸው ራሱ ነው፤ አደባባይ ወጥቶ አልተጠራም። ጎንደር ሐኪም ዘንድም ሁለት ጊዜ ሄዷል። ስድስት ወር ሆነው። በመሀል አንድ ቀን በሰው ስልክ 400 ብር አጥፍቶ ማታውኑ መጥቶ ተናገረ፤ አሠሪው 400ውን ከዕዳው ሥር ጻፈችና ደብተሩን ለእሱ ሰጥታ አስፈረመችው።